ምዕራፍ 4፦ ይቁጠር እንጂ አይፍረድ

ባንክ ቤት ወረፋ የጠበቀ ሰው ሁሉ «ሲስተም የለም» መባልን ያውቀዋል። ገንዘብ ከፋይዋ እጇን ከኪቦርዱ ላይ ታነሳለች፤ ደንበኛው መቀመጫ ፍለጋ ዞር ዞር ይላል፤ ውስጥ ያለው የአይቲ ባለሙያ ደግሞ ስልክ ላይ ሆኖ ሰርቨሩን አጥፍቶ ለማብራት ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱ ይሰጣል፣ ማሽኑ ጠፍቶ ይበራል፣ ሥራው ይቀጥላል። ኋላ «ምን ሆኖ ነበር?» ብሎ ለሚጠይቅ አለቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ተጨናንቆ ነበር» የሚል ነው። ምኑ ተጨናነቀ? ፕሮሰሰሩ ነው፣ ሜሞሪው ነው፣ ዲስኩ ነው ወይስ የኔትወርክ መስመሩ? ከመቼ ጀምሮ? ባለፈው ሳምንትስ እንዲህ ሆኖ ነበር? መልስ የለም። ባለሙያውን ሰነፍ ማለት አይቻልም፤ መልሱ የነበረበት ቦታ ራሱ ጠፍቷል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ስለ ማሽኑ ሥራ የሚይዘው ቆጠራ የሚቀመጠው በሜሞሪ ስለሆነ፣ ማሽኑ ሲጠፋ ሁሉም ወደ ዜሮ ይመለሳል። ሥራውን ያስቀጠለው እርምጃ ማስረጃውንም አብሮ ይደመስሰዋል።

ማስረጃውን ለማትረፍ የሚያስፈልገው ከአንድ ትንሽ ፕሮግራም አይበልጥም። በየማሽኑ ላይ ከበስተጀርባ ይሠራል፤ በየ10 ወይም በየ15 ሰከንዱ የፕሮሰሰሩን፣ የሜሞሪውን፣ የዲስኩንና የኔትወርኩን ቁጥሮች ያነባል፤ ያነበበውንም ሌላ ቦታ ላለ ማሽን ያስረክባል። ባለሙያዎቹ ኤጀንት ይሉታል። በነፃ የሚገኙ ብዙ ዓይነቶች አሉ፤ ለመትከልም አስቸጋሪ አይደሉም። ገበያው ላይ ግን ከዚህ የተለየ ነገር ሲቸበቸብ ይታያል፦ ችግርን ራሱ የሚመረምር፣ ራሱ የሚያስጠነቅቅ፣ እንዲያውም ራሱ የሚጠግን «ብልህ» ኤጀንት። እኔ የምከራከረው በተቃራኒው ነው። ማሽኑ ላይ የሚቀመጠው ኤጀንት በተቻለ መጠን ተራ ሊሆን ይገባል፤ ሥራው መቁጠርና ማስረከብ ብቻ ይሁን፤ ይህ ቁጥር ደህና ነው፣ ያኛው አደገኛ ነው የሚለውን ፍርድ ለሌላ ይተው። መተከልም ያለበት ማሽኑ ሥራ በጀመረበት ቀን ነው፤ ችግር ከመጣ በኋላ የተተከለ ኤጀንት ስላለፈው ምንም ሊናገር አይችልም። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ኤጀንቱ ቁጥሮቹን ከየት እንደሚያነብ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

በሊኑክስ ውስጥ «ፕሮክ» የሚባል ፎልደር አለ፤ በውስጡ የሚታዩት ፋይሎች ዲስክ ላይ የተጻፉ አይደሉም። አንድ ፕሮግራም ሊያነባቸው ሲከፍታቸው ከርነሉ፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ በዚያች ቅጽበት በእጁ ያለውን ቁጥር ጽፎ ያቀርባል። ከእነዚህ ፋይሎች አንዱ «ስታት» ይባላል። የመጀመሪያው መስመር «ሲፒዩ» በሚል ቃል ይጀምርና 10 ቁጥሮችን አከታትሎ ይይዛል። የመጀመሪያው ቁጥር ማሽኑ ከተነሣ ጀምሮ ፕሮሰሰሩ በተራ ፕሮግራሞች ላይ ያዋለው ጊዜ ነው። ሦስተኛው ለከርነሉ ለራሱ ሥራ የዋለ ነው፤ አራተኛው ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ የቆየበት፤ አምስተኛው ደግሞ ሥራ ፈትቶ ሳለ ዲስክ እስኪመልስለት የሚጠብቅ ሥራ የነበረበት ጊዜ ነው። ስምንተኛው ቨርቹዋል ማሽን ለሚከራይ ሰው በጣም ይጠቅማል፤ አስተናጋጁ ማሽን ፕሮሰሰሩን ለሌላ ተከራይ ሲሰጥ ከዚህኛው የተወሰደበትን ጊዜ ይቆጥራል። ርካሽ ሰርቨር ተከራይቶ «የኔ ፕሮግራም ምን ነካው?» እያለ ኮዱን ለሚያገላብጥ ወጣት ይህ አንድ ቁጥር የስንት ሌሊት እንቅልፍ ያተርፍለታል። ልኬቱ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ አንድ መቶኛ ነው። እዚህ ፋይል ውስጥ በመቶ የተሰላ ነገር የለም፣ አማካይ የለም፣ ቀይና አረንጓዴ መብራት የለም፤ ያለው እያደገ የሚሄድ ድምር ብቻ ነው።

ኤጀንቱ ይህን መስመር ያነባል፤ 10 ሰከንድ ቆይቶ ደግሞ ያነበዋል። 4 ኮር ያለው ፕሮሰሰር በ10 ሰከንድ ውስጥ በድምሩ 4,000 የሰከንድ መቶኛዎች አሉት። በሁለቱ ንባቦች መካከል የተራ ፕሮግራሞቹ ድምር በ600፣ የከርነሉ በ200፣ የሥራ ፈቱ በ2,400፣ ዲስክ የመጠበቁ በ800 ጨመረ እንበል። 15 በመቶና 5 በመቶ ሥራ፣ 60 በመቶ ዕረፍት፣ 20 በመቶ ዲስክ ጥበቃ ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ የሠራው ከአቅሙ አንድ አምስተኛውን ብቻ ነው። «የፕሮሰሰር ጭነት 20 በመቶ» የሚል አንድ ቁጥር አስልቶ የሚልክ ኤጀንት ይህን ማሽን ጤነኛ አድርጎ ያቀርበዋል፤ ስክሪኑ ፊት የተቀመጠው ሠራተኛ ግን አንድ ደረሰኝ እስኪወጣለት ደቂቃ ይቆጥራል። አምስተኛውን ቁጥር ያየ ባለሙያ ወደ ዲስኩ ይዞራል፤ አዲስ ፕሮሰሰር ለመግዛት የተያዘው ገንዘብም ይተርፋል። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። የከርነሉ አዘጋጆች ራሳቸው ይህ አምስተኛ ቁጥር አስተማማኝ እንዳልሆነ በሰነዳቸው ላይ ጽፈዋል፤ ፕሮሰሰሩ በመሃል ሌላ ሥራ ካገኘ የዲስክ ጥበቃው በዚያ ሥራ ይሸፈናልና። ስለዚህ ቁጥሩ ፍንጭ ነው። ማረጋገጫው የሚገኘው የየዲስኩን ንባብና ጽሕፈት ከሚይዘው ከሌላው ፋይል ጋር ሲተያይ ነው፤ ማስተያየት የሚቻለውም ሁለቱም ቁጥሮች በጥሬው፣ በየሰዓታቸው ተይዘው ከቆዩ ብቻ ነው።

አንድ ቁጥር ብቻውን ደግ ወይም ክፉ ሊባል እንደማይችል ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየው «ሎድ አቬሬጅ» የሚባለው ልኬት ነው። ከሊኑክስ የቀደመ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ቴኔክስ በሚባል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ይሠራበት ነበር። መጀመሪያ ፕሮሰሰር ያገኙና ተራ የሚጠብቁ ሥራዎችን ብዛት የሚያሳይ አማካይ ነበር፤ ዛሬ በ1፣ በ5 እና በ15 ደቂቃ ተከፍሎ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1993 ግን በሊኑክስ ላይ ለውጥ ተደረገና ዲስክ የሚጠብቁ ሥራዎችም በዚሁ ቁጥር ውስጥ እንዲገቡ ሆነ። እንግዲህ 4 ኮር ያለው ማሽን ላይ ይህ ልኬት 8 ቢደርስ ስምንት ሥራዎች ፕሮሰሰር እየተሻሙ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ፕሮሰሰሩ ባዶ ሆኖ ስምንቱም አንድ የደከመ ዲስክ ደጃፍ ላይ ቆመው ሊሆን ይችላል። መድኃኒታቸው ፍጹም የተለያየ ነው። «ከ4 ካለፈ ጩኽ» ተብሎ የታዘዘ ኤጀንት በሁለቱም ጊዜ እኩል ይጮኻል፤ የትኛው እንደሆነ ግን አይናገርም።

የሜሞሪውም ነገር እንዲሁ ነው። አዲስ ባለሙያ «ነፃ ሜሞሪ» የሚለውን መስመር አይቶ 3 በመቶ ብቻ ቀርቶ ሲያገኘው ይደነግጣል። ሊኑክስ ግን ሥራ ፈት ሜሞሪ አይወድም፤ ከዲስክ ያነበባቸውን ፋይሎች ለሚቀጥለው ጊዜ እንዲደርሱ ትርፍ ሜሞሪው ላይ ያቆያቸዋል፣ ፕሮግራም ሲጠይቀው ደግሞ ይለቅለታል። ይህ አለመግባባት ከመስፋፋቱ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የከርነል ቅጂ 3.14 ላይ፣ ለአዲስ ፕሮግራም በእርግጥ ሊሰጥ የሚችለውን መጠን የሚገምት ሌላ መስመር ተጨመረ። ከዚያ በፊት «ነፃ ሜሞሪ ካነሰ አስጠንቅቅ» የሚል ፍርድ በየማሽኑ የተተከለበት ድርጅት ያን ፍርድ በየማሽኑ እየዞረ መንቀል ነበረበት። የፋይሉን መስመሮች እንዳሉ የሚያሳልፍ ኤጀንት የተከለ ድርጅት ግን አዲሱን መስመር ያለ ምንም ድካም ያገኘዋል፤ ፍርዱ ማዕከል ላይ፣ አንድ ቦታ ስለተቀመጠ የሚታረመውም አንድ ጊዜ ነው። ስለ ማሽን ያለን እውቀት ይለወጣል። ትናንት ባወቅነው ልክ የተሰፋ ኤጀንት ዛሬ ማየት የምንፈልገውን ጥሎት ያልፋል።

ድምር ብቻ መያዝ ሌላም ጥቅም አለው፤ ይህን ለመረዳት ግድግዳ ላይ ያለውን የመብራት ቆጣሪ ማሰብ ይበቃል። ቆጣሪው የሚያሳየው ከተተከለ ጀምሮ ያለፈበትን ኃይል ነው። አንባቢው አንድ ወር ቢቀር ፍጆታው አይጠፋም፤ በሚቀጥለው ወር ሲመጣ የሁለቱን ወር ልዩነት ያገኘዋል። በዚህ መርሕ ላይ ከቆሙት ሥርዓቶች ዛሬ በጣም የተስፋፋው ፕሮሜቲየስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በሙዚቃ ማሰራጫው በሳውንድክላውድ ውስጥ ተጀመረ፤ ከጀማሪዎቹ መካከል ቀድሞ በጉግል የሠሩ መሐንዲሶች ነበሩ፤ በ2016 ደግሞ ከኩበርኔቲስ ቀጥሎ ሁለተኛው ፕሮጀክት ሆኖ ወደ ክላውድ ኔቲቭ ኮምፒዩቲንግ ፋውንዴሽን ገባ። በየማሽኑ ላይ የሚቀመጠው ኤጀንቱ ኖድ ኤክስፖርተር ይባላል፤ ፖርት 9100 ላይ ተቀምጦ ማዕከሉ ሲጠይቀው ብቻ ከርነሉን አንብቦ በተራ ጽሑፍ ይመልሳል። በመሃል ኔትወርክ ተቋርጦ አራት ጥያቄዎች ቢቀሩ አምስተኛው ንባብ በዚያ ጊዜ ውስጥ በጠቅላላው ስንት ባይት እንደተላለፈ ይነግራል፤ የሚጠፋው የየቅጽበቱ ዝርዝር ብቻ ነው። ማሽኑ ጠፍቶ ቢበራና ቁጥሩ ከቀድሞው አንሶ ቢገኝ ማዕከሉ ቆጣሪው ከዜሮ እንደጀመረ ተረድቶ ስሌቱን ያስተካክላል። ኤጀንቱ ያለፈውን ማስታወስ አይጠበቅበትም፤ ስለዚህም ቢሞትና ቢነሣ የሚያበላሸው ነገር የለም። «በሰከንድ ይህን ያህል» ብሎ አስልቶ የሚልከው ኤጀንት ግን ከአራቱ የቀሩ መልእክቶች ጋር የአራቱን ጊዜ ሥራ ጭምር ያጣል።

ንባቡ በየስንት ጊዜው ይሁን የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም። አንድ ፕሮሰሰር በአምስት ደቂቃ ውስጥ ለ20 ሰከንድ ሙሉ በሙሉ ተይዞ ለቀሩት 280 ሰከንዶች 10 በመቶ ብቻ ቢሠራ አማካዩ 16 በመቶ ይሆናል። ግራፉ ላይ ጉብታ እንኳ አይታይም፤ ደንበኞች ግን ለ20 ሰከንድ ሙሉ ተቋርጠዋል። ሲስስታት የሚባለው የቆየ መሣሪያ እንደ ተለመደው አጫጫኑ በየ10 ደቂቃው ነው የሚመዘግበው፤ ይህ ለወራት ዕድገት ይበቃል፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ድንገተኛ ሕመም ግን አይደርስም። ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ያለው ልማድ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ በኔ ግምት ለአብዛኛው ድርጅት ከዚያ መፍጠን ትርፍ የለውም።

ቀስ ብለው የሚመጡ ችግሮች ደግሞ ያለ ታሪክ ፈጽሞ አይታዩም። 500 ጊጋባይት ዲስክ ላይ 380ው ተይዟል ቢባል ሰው አይደነግጥም። በየቀኑ 1.5 ጊጋባይት እየጨመረ እንደሆነ ካለፈው ወር መዝገብ ከታየ ግን የቀረው 80 ቀን መሆኑ ይታወቃል፤ ግዢ ለሚጓተትበት መሥሪያ ቤት 80 ቀን ብዙ አይደለም። ዲስክ የሚሞላበት ሌላም መንገድ አለ። በአንዳንድ የሊኑክስ የፋይል አደረጃጀቶች ላይ እያንዳንዱ ፋይል አንድ መዝገብ ይይዛል፤ የመዝገቦቹ ብዛት ዲስኩ ሲዘጋጅ ይወሰናል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች ሲከማቹ ገሚሱ ዲስክ ባዶ ሆኖ ሳለ «ቦታ የለም» የሚል መልስ ይመጣል፤ ባዶ ቦታውን ብቻ የሚያይ ሰው ማሽኑ የዋሸው ይመስለዋል። ተራው ኤጀንት ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን ይዟል።

መብራት በሚቆራረጥባቸው ቦታዎች ጥቅሙ የበለጠ ይጨበጣል። ያው «ስታት» የተባለው ፋይል ማሽኑ የተነሣበትን ሰዓትም የሚይዝ መስመር አለው። ይህን መስመር ለአንድ ዓመት ያስቀመጠ ድርጅት የትኛው ቅርንጫፍ ስንት ጊዜ፣ በየትኛው ሰዓት ሰርቨሩ ጠፍቶበት እንደተነሣ ከግምት ነፃ በሆነ መንገድ ያውቃል፤ የባትሪና የጄኔሬተር በጀት ሲጠየቅም የሚቀርበው ይህ ነው። አብሮ መታየት ያለበት ነገር ግን የማሽኑ የገዛ ሰዓት ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ ያለቀችበት አሮጌ ሰርቨር መብራት ሄዶ ሲመጣ ብዙ ዓመት ወደኋላ ተመልሶ ይነሣል፤ ሰዓቱን ከኔትወርክ ካላስተካከለ የመዘገበው ሁሉ ባልሆነ ቀን ሥር ይገባል። ኤጀንት ከመትከል በፊት ሰዓት ማስተካከል ይቀድማል።

ዝምታን እንደ ጤና መቁጠር ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ በይፋ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት በሚሰጠው ድርጅት በጊትላብ አንድ መሐንዲስ በድካም ሰዓት የተሳሳተ ሰርቨር ላይ ሆኖ የዋናውን ዳታቤዝ ፎልደር ሰረዘ። ወደ ባክአፕ ሲሄዱ ባክአፑ የለም። ባክአፕ የሚወስደው ፕሮግራም ቅጂው 9.2፣ ዳታቤዙ ደግሞ 9.6 ስለነበር ሥራው በየጊዜው ይከሽፍ ነበር። መክሸፉን የሚናገሩ ኢሜይሎችም ይላኩ ነበር፤ ነገር ግን የላኪነት ማረጋገጫ ስላልነበራቸው ተቀባዩ ሰርቨር አልቀበልም እያለ ይመልሳቸው ነበር። ድርጅቱ የዳነው በአጋጣሚ ከስድስት ሰዓት በፊት በተወሰደ ቅጂ ነው፤ የዚያ ስድስት ሰዓት ሥራ ግን ጠፋ። ጊትላብ ይህን ሁሉ ሳይደብቅ ለሕዝብ መግለጹ የሚያስመሰግነው ነው። የኔ ትኩረት ግን የማስጠንቀቂያው አሠራር ላይ ነው። «ከከሸፈ ንገረኝ» ተብሎ የታዘዘ ፕሮግራም መልእክቱ መንገድ ላይ ሲቀር ዝምታው «አልከሸፈም» ተብሎ ይነበባል። በአንጻሩ የመጨረሻው ባክአፕ ፋይል ስንት ባይት እንደሆነና ከተጻፈ ስንት ሰዓት እንደሆነው በየ15 ሰከንዱ ቢቆጠር ኖሮ ዜሮው ግራፍ ላይ ተሰትሮ ይታይ ነበር። ይህ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ኖድ ኤክስፖርተር ማንም ስክሪፕት በጽሑፍ ፋይል ላይ ያስቀመጠለትን ቁጥር አንብቦ ከሌሎቹ ጋር ያቀርባል።

እስካሁን ላልሁት ከበድ ያሉ መቃወሚያዎች አሉ። አንደኛው ክላውድ ላይ ያለ ሰው የሚያነሣው ነው፦ አከራዩ ራሱ ግራፍ ያሳየኝ የለ ወይ? ያሳያል፤ ግን ከውጭ የሚታየውን። አማዞን ለሚያከራያቸው ማሽኖች ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚሰጠው ክትትል በየ5 ደቂቃው ነው፤ የፕሮሰሰርና የኔትወርክ ቁጥር ሲኖረው የሜሞሪ አያያዝና የዲስክ መሙላት ግን የለውም፤ እነዚህ የሚታወቁት ከተከራዩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ውስጥ ብቻ ነውና። ለዚህም ነው አማዞን ራሱ ማሽኑ ውስጥ የሚተከል ኤጀንት አዘጋጅቶ የሚያቀርበው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከሁሉ የሚበረታው ነው። ደንበኛ ስለ ፕሮሰሰር ምን አገባው? እሱ የሚያውቀው ገጹ ተከፈተ ወይም አልተከፈተም ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው የአስተማማኝነት ምሕንድስና መጽሐፉ ላይ በመጀመሪያ መለካት ያለባቸውን አራት ነገሮች ሲዘረዝር የምላሽ ፍጥነትን፣ የጥያቄ ብዛትን፣ የስሕተት ብዛትንና የአቅም መሙላትን ነው ያነሣው፤ ሦስቱ ከደንበኛው ወገን የሚታዩ ናቸው። ይህን መቃወሚያ እቀበለዋለሁ፤ እንዲያውም የክርክሬ አካል አደርገዋለሁ። ፕሮሰሰር 90 በመቶ ስለደረሰ ብቻ ማንንም ከሌሊት እንቅልፉ መቀስቀስ አይገባም፤ የተከፈለበትን ማሽን በሚገባ እየተጠቀሙበት ነው ማለት ሊሆን ይችላል። የሚቀሰቅሰው የደንበኛ መቸገር ይሁን። ነገር ግን የተቀሰቀሰው ባለሙያ ዓይኑን አሽቶ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለምን?» ብሎ ነው፤ ለዚያ ጥያቄ የሚመልሰው ተራው ኤጀንት ሲያጠራቅም የከረመው ነው። ማስጠንቀቅን ከኤጀንቱ መንጠቅ ቁጥሮቹን ከንቱ አያደርጋቸውም፤ ሥራቸውን ያስተካክልላቸዋል።

ሦስተኛው ስለ ክብደት ነው፦ የሚለካው ነገር ራሱ ማሽኑን አያደክምም? ማከማቻስ አይሞላም? ለማከማቻው ሒሳቡን መሥራት ይቻላል። አንድ ማሽን 1,000 ዓይነት ቁጥር ቢያቀርብና በየ15 ሰከንዱ ቢነበብ በቀን 5.76 ሚሊዮን ንባብ ይሆናል። ፕሮሜቲየስ በተጨመቀው አቀማመጡ ለአንድ ንባብ በአማካይ ከ1 እስከ 2 ባይት ነው የሚፈጀው፤ በ2 ባይት ብናሰላው በቀን 11.5 ሜጋባይት፣ በዓመት ከ5 ጊጋባይት በታች ነው። እንዲያውም ጉዳቱ የሚመጣው ቆጥቦ ከማስቀመጥ ነው። ፕሮሜቲየስ ካልታዘዘ በቀር ከ15 ቀን በላይ አያቆይም፤ በዚህ ሁኔታ የዚህን ወር የደመወዝ ሰሞን ካለፈው ወር፣ የዘንድሮውን የፋሲካ ገበያ ከአምናው ጋር ማስተያየት አይቻልም። ወደ ቅርንጫፍ የሚሄደው መስመር ቀጭንና ተቋራጭ ከሆነ ደግሞ መፍትሔው አነባበቡን እዚያው ማድረግ ነው፤ ቅርንጫፉ ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ ማሽን የአካባቢውን ንባብ ይሰብስብና መስመሩ ሲመለስ ወደ ማዕከል ያስተላልፍ።

አራተኛው የደኅንነት ጥያቄ ነው፤ በቀላሉ መታለፍ የለበትም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የተገለጠው የሶላርዊንድስ ጉዳይ የተፈጸመው በክትትል ሶፍትዌር በኩል ነበር። ሰርጎ ገቦች ኦሪዮን በሚባለው ምርቱ ማሻሻያ ውስጥ የራሳቸውን ኮድ ሸሸጉ፤ ወደ 18,000 የሚጠጉ ደንበኞች ተቀበሉት፤ ከተጠቁት መካከል የአሜሪካ የገንዘብና የንግድ ሚኒስቴሮች ነበሩ። ኦሪዮን የሚከታተላቸውን መሣሪያዎች የሚከፍቱ ፓስወርዶች የሚያዙበት፣ ሰፊ ሥልጣን ያለው ሥርዓት ነበር። እንግዲህ በየማሽኑ ላይ የሚተከል ነገር ሁሉ በር ነው የሚለው ስጋት እውነት ነው። ተራ ኤጀንትም ሊበከል ይችላል። ልዩነቱ በሩ የሚያስገባው እስከ የት ነው የሚለው ነው። ከርነሉ የሚያቀርባቸውን አብዛኞቹን ቁጥሮች ማንም ተራ ተጠቃሚ ማንበብ ስለሚችል ቆጣሪ ኤጀንት የአስተዳዳሪ ሥልጣን አያሻውም፤ ፓስወርድ አይዝም፤ ከማዕከል ትእዛዝ ተቀብሎ አይፈጽምም። ራሱ ይጠግን የተባለው ብልህ ኤጀንት ግን ለመጠገን ሥልጣን ሊሰጠው ግድ ነው፤ ያ ሥልጣን የሚያገለግለው የሚጠግነውን ብቻ አይደለም። በተራውም ላይ አንድ ቸልታ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ ፖርቱን ለመላው ኢንተርኔት ክፍት አድርጎ መተው። ከዚያ ገጽ ላይ የከርነሉን ቅጂ፣ የዲስኮቹን ስምና የኔትወርኩን አደረጃጀት ማንም መንገደኛ ያነባል። ከማዕከሉ አድራሻ በቀር ለሌላ መዘጋት አለበት።

የሚቀረው ተመልካቹን ማን ይመለከተዋል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 25 ቀን 2020 በአማዞን የሰሜን ቨርጂኒያ ማዕከል ኪኔሲስ የተባለው አገልግሎት ወደቀ። ከፊት የሚቀመጡት ሰርቨሮች እያንዳንዳቸው ለሌላው ሰርቨር ሁሉ አንድ ትሬድ፣ ማለትም አንድ የሥራ መስመር፣ ይከፍቱ ነበር፤ ጥቂት አዳዲስ ሰርቨሮች ሲጨመሩ ብዛቱ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከሚፈቅደው በላይ ሆነ። ይህ ብዛት በሊኑክስ ላይ የተሰወረ ቁጥር አይደለም፤ ከሦስቱ ሎድ አቬሬጆች ቀጥሎ፣ በዚያው ፋይል፣ በዚያው መስመር ላይ ይገኛል። አማዞን ባወጣው መግለጫ ካስቀመጣቸው እርምጃዎች አንዱ የትሬድ አጠቃቀምን በዝርዝር የሚከታተል ማስጠንቀቂያ መጨመር ነበር። የዚያን ቀን ችግር ግን በዚህ አላበቃም። ክላውድዋች የሚባለው የአማዞን የክትትል አገልግሎት መረጃውን የሚያስተላልፈው በዚያው በኪኔሲስ ላይ ስለነበር አብሮ ታወከ፤ ለደንበኞች ሁኔታውን የሚያሳውቁበት መሣሪያም በችግሩ የተጎዳ ሌላ አገልግሎት ላይ የቆመ ስለነበር መልእክት ለማውጣት ዘገዩ። ትንሽ ድርጅትም ይህን ስሕተት በራሱ መጠን ይደግመዋል፤ ሰብሳቢውን ፕሮግራም የሚከታተለው ሰርቨር ላይ ራሱ ይጭነዋል። ሰብሳቢው ሌላ ማሽን ላይ፣ ከተቻለም በሌላ የመብራት መስመር ላይ ይቀመጥ። ፕሮሜቲየስ ኤጀንቱን በጠየቀ ቁጥር መልስ ማግኘት አለማግኘቱን ራሱ እንደ አንድ ቁጥር ይመዘግባል፤ 1 ካገኘ፣ 0 ካላገኘ። ቢያንስ በዚህ ቁጥር ላይ ማስጠንቀቂያ መኖር አለበት። ሰብሳቢውን ደግሞ ሁለተኛ ትንሽ ማሽን በየደቂቃው ይጠይቀው፤ መልስ ሲያጣም መልእክቱ በድርጅቱ ኢንተርኔት ሳይሆን በሞባይል መስመር፣ በኤስኤምኤስ ይውጣ።